በ«ከቲንግ ፎር ስቶን» ልብ ወለድ ውስጥ አባትየው ሁለተኛ ዕድል ይገባው ነበር?

ጥያቄ፦ አንባቢ ከጉለሌ

በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመውን የአብርሃም ቬርጊስን «ከቲንግ ፎር ስቶን» ሰሞኑን ለሁለተኛ ጊዜ አንብቤ ጨረስሁ። ተማሪ ሳለሁ ሳነበው ቀልቤን የወሰደችው አዲስ አበባ ነበረች፤ በተለይ «ሚሽን» ማለት አቅቶን ሆስፒታሉን «ሚሲንግ» እንዳልነው ሲተረክ ብቻዬን ስቄ ነበር። አሁን የሁለት ልጆች አባት ሆኜ ስመለስበት ግን ቶማስ ስቶንን ማለፍ አቃተኝ። ላላነበባችሁ ያህል፣ ስቶን የሚሲንግ ቀዶ ሐኪም ነው። ለሰባት ዓመት አብራው የሠራችው ሕንዳዊት መነኩሲት ሲስተር ሜሪ ጆሴፍ ፕሬዝ በ1954 እ.ኤ.አ. መስከረም ወር መንታ ወንዶች ልጆች ወልዳለት በምጥ ትሞታለች፤ እርሱም በዚያው ቀን ልጆቹን ጥሎ ይጠፋል። ማሪዮንንና ሺቫን ያሳደጓቸው የሆስፒታሉ ሐኪሞች ሄማና ጎሽ ናቸው። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ አባትየው አሜሪካ ውስጥ በማሪዮን ሕይወት ውስጥ እንደገና ብቅ ይላል፤ ቀስ በቀስም ቦታ ያገኛል። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ስቶን ይቅርታ የተደረገለት ምን ስላደረገ ነው? ደራሲው አላቀለለትም ትላላችሁ?

መልስ፦ ነርስ ከዋሽንግተን

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ስለሆንሁ መጽሐፉን በሙያዬ ዓይን እንዳነበብሁት አስቀድሜ ልናገር። ስቶን በቃል የጠየቀው ይቅርታ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ እኔን ያሳመነኝ ወደ ቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ መመለሱ ነው። እንደሚያስታውሱት የሚወዳት ሴት ደሟ እየፈሰሰ ጠረጴዛ ላይ በተኛችበት ቀን፣ እጁ እንደዚያ የተመሰከረለት ሐኪም ምንም ማድረግ ተስኖት ነበር። በኋላ ማሪዮን በሄፐታይተስ ቢ ጉበቱ ሲከዳው፣ ሺቫ ከአዲስ አበባ መጥቶ ከራሱ ጉበት ተቆርጦ ለወንድሙ እንዲሰጥ ሐሳብ ያቀርባል። ሐሳቡ እብደት አይደለም፤ ከፊሉ የተወሰደ ጉበት መልሶ ያድጋል፣ የአንድ ዕንቁላል መንትያ አካልም የወንድሙን አካል እንደ ባዕድ አይቆጥርም። ሆኖም ከሕያው ሰው ተወስዶ የተተከለ ጉበት በእውነተኛው ዓለም የተሳካው በ1989 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ በልብ ወለዱ ዘመን ይህን የሞከረ ሰው አልነበረም። ስቶን ሁለቱንም ልጆቹን በአንድ ቀን ቢላዋ ሥር ማስተኛት ነበረበት። እኔ በሥራ ላይ ብዙ ሐኪሞች «የራሴን ቤተሰብ አልነካም» ብለው ከክፍሉ ሲወጡ አይቻለሁ፤ ትክክልም ናቸው። እርሱ ግን ቆመ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሺቫ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ መሞቱን ስናስብ ደግሞ ደራሲው አቀለለለት ለማለት ይከብደኛል።

መልስ፦ መምህርት ከደብረ ብርሃን

እኅቴ ያሉት መልካም ሆኖ ሳለ፣ የይቅርታውን በር የከፈተው ግን ጎሽ ይመስለኛል። (ስሙ በእኛ ቋንቋ ምስጋና መሆኑን ደራሲው አስቦበት ይሆን እያልሁ እገረማለሁ፤ በየገጹ «ጎሽ!» እያልሁ ነው ያነበብሁት።) ሰውዬው ሄማን ያገባት በየዓመቱ በሚታደስ የአንድ ዓመት ውል ነው፤ ስለዚህ በዚያ ቤት ሁለተኛ ዕድል ማለት ዓመት በመጣ ቁጥር የሚሰጥ ነገር ነው። በደም ካንሰር ሊሞት ሲል ማሪዮንን የለመነውም ስቶንን ፈልጎ እንዲያገኘውና እርሱ እንዳልተቀየመው እንዲነግርለት ነበር። ልጁ ለወለደው ብሎ ባይሄድ እንኳ ላሳደገው ቃል ሲል ይሄዳል።

ስለ መንትዮቹ ስም ያነሣ ሰው የለም። እኔን ያሳደጉኝ የእናቴ አባት ናቸው፤ ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡኝ ጸሐፊው «የአባት ስም?» ሲላቸው ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው የራሳቸውን ስም አስጻፉ። ክፍል ውስጥ ስም በተጠራ ቁጥር የምሰማው የእርሳቸውን ስም ነበር። ሄማና ጎሽ ግን ከመንትዮቹ ስም ላይ «ስቶን» የሚለውን አላነሡም፣ «ፕሬዝ» የሚለውንም የእናትየውን አብረው ተዉላቸው። በእኛ አገር ሁለተኛው ስም የአባት ነውና፣ እነዚያ ልጆች በተወለዱ ዕለት ጥሏቸው በጠፋ ሰው ስም ስንት ሺህ ጊዜ እንደተጠሩ አስቡት። አያቴ የወለደኝን ሰው ስም ሊያሰሙኝ አልፈለጉም፤ ጎሽ ደግሞ ልጆቹን ከአባታቸው ሊለያቸው አልፈለገም። የትኛው እንደሚሻል እስከ ዛሬ አልቆረጥሁም።

መልስ፦ ዘግይታ የመጣች አንባቢ

ይቅርታ፣ የሦስታችሁንም ጽሑፍ በጥሞና አንብቤ ከመንትዮቹ ጋር ስላደገችውና ማሪዮን ስለሚወዳት ልጅ፣ ስለ ገነት፣ የተጻፈ አንድ መስመር አጣሁ። ሺቫ ከእርሷ ጋር ተኛ፤ ቅጣቱ ግን የወረደው በእርሷ ገላ ላይ ነው፤ እናቷ ሮዚና አስገረዘቻት፣ በኋላም ሮዚና ራሷን አጠፋች። ለሺቫ ጉበቱን ሰጥቶ የሚክስበት ምዕራፍ ተጽፎለታል፣ ለስቶንም የቀዶ ጥገና ጠረጴዛው ተዘጋጅቶለታል። ገነት ከዓመታት በኋላ የማሪዮንን በር ስታንኳኳ ግን ይዛ የምትገባው በሽታውን ነው፤ በታሪኩ ውስጥ የተሰጣት ሥራ ይኸው ብቻ ነው። አባቷ በ1953 ዓ.ም. ከታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት ጋር በተያያዘ የሞተባት ልጅ መሆኗን መጽሐፉ ራሱ ነግሮናል። እርሷም እንደ መንትዮቹ አባት አልባ ናት። ጠያቂው ወንድማችን «ስቶን ይገባው ነበር ወይ?» ከማለታቸው በፊት ዕድሉ ለማን ለማን እንደታደለ ቢቆጥሩ ደስ ይለኝ ነበር።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ጠረጴዛው የተነገረኝ አሳምኖኛል። ስለ ስሙ የተጻፈውን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብሁላት፤ እርሷም ያደገችው በአጎቷ ስም ነውና ዝም አለች። ስለ ገነት ግን የምመልሰው የለኝም። ማታ ገጾቹን ወደ ኋላ ገልጬ የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች ብመለከት፣ ሁሉም ስለ እርሷ ያወራል፤ እርሷ ራሷ የምትናገረው ጥቂት ነው። ሦስተኛውን ንባቤን ከሮዚና ቤት እጀምራለሁ።