በፓራሹት ዝላይ ላይ ፎቶ ለማንሳት ካሜራዬንና ሌንሴን እንዴት ላስተካክል?

ደመና (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሰልጣኞቼ ስለፈቀዱልኝ ሄልሜቴ ላይ ካሜራ አስሬ መዝለል ጀምሬያለሁ። ካሜራው ሶኒ ኤ6400 ነው፤ ሌንሱ አብሮት የመጣው 16-50 ሚሊሜትር። ፎቶ የማነሳው በጥርስ በሚነከስ ስዊች ነው። ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። አንደኛ፣ ሰማዩ አምሮበት ይወጣል፣ የጓደኞቼ ፊት ግን ይጠቁራል። ሁለተኛ፣ ከበሩ ስንወጣ የማነሳቸው ጥርት ያሉ ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን ፎከሱ ሰውን ትቶ ደመናው ላይ ይሄዳል። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምንወድቅ ሸተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/4000 ሰከንድ ላይ አድርጌዋለሁ። ሌንስ ልቀይር ወይስ ችግሩ ሴቲንጉ ነው? ሁሉንም አውቶ ላይ ብተወውስ?

ንስር፦
እህቴ፣ ሌንስ ለመግዛት አትቸኩዪ። ከሸተሩ እንጀምር። 200 ኪሎ ሜትር የተባለው ከመሬት አንጻር ነው። አንቺና ጓደኛሽ እኩል ነው የምትወርዱት፤ በመካከላችሁ ያለው ፍጥነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። 1/4000 ብርሃን ይበላብሻል እንጂ የሚጨምርልሽ ነገር የለም። እኔ 1/1000 ነው የምጠቀመው። ሲያስፈልግ 1/500 ድረስም ይወረዳል። ከዚያ በታች ነፋሱ ራስሽን ስለሚያንቀጠቅጠው ምስሉ ይደበዝዛል። የፓራሹት መከፈትን ስታነሺ ግን ከ1/1000 አትውረጂ። የጓደኛሽ ፓራሹት ሲይዘው አንቺ መውደቅሽን ትቀጥያለሽ፤ በዓይን ጥቅሻ ፍጥነት ከፍሬሙ ሽቅብ ያመልጥሻል።

አውቶ ፎከሱን ደግሞ አጥፊው። ሰውየው ከመሃል ትንሽ ዘወር ሲል ካሜራው ከኋላው ያለውን ደመና ይይዛል፤ አንቺ ደግሞ አየር ላይ ሆነሽ ልታርሚው አትችዪም። በዚህ ሴንሰር (ምስሉን በሚቀበለው የካሜራው ክፍል)፣ በ16 ሚሊሜትርና በኤፍ 8 (የሌንሱ ቀዳዳ ማለትም የአፐርቸሩ ስፋት) ፎከሱን 1.6 ሜትር ላይ ብታደርጊው፣ ከ80 ሴንቲሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ አድማስ ድረስ ያለው በቂ ጥራት ይኖረዋል። መሬት ላይ ሜትር ዘርጊ፣ 1.6 ሜትር ላይ አንድ ሰው አቁሚ፣ የዓይኑ ሽፋሽፍት እስኪለይ ድረስ ስክሪኑን አጉልተሽ ፎከስ አድርጊ። ከዚያ ማንዋል ላይ እንዳለ አትንኪው።

ብርሃን አዳኝ፦
ንስር ስለ ፎከሱ ጨርሶታል፤ እኔ ወደ ጠቆረው ፊት ልሂድ። ሰው በሆዱ ሲወድቅ ፊቱ ወደ መሬት ነው፣ ፀሐይ ጀርባው ላይ ናት። ካሜራው የሚለካው ግን ያንን ሁሉ ብሩህ ሰማይ ነው። አውቶ ላይ ከተውሽው ሁልጊዜ ለሰማዩ ያደላል። ሙሉ ማንዋል አድርጊው፦ ጥርት ባለ ፀሐያማ ቀን ኤፍ 8፣ 1/1000፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 400። ይህ በቀጥታ ፀሐይ ለመታው ነገር ከሚያስፈልገው ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ትርፉ ለፊቱ ጥላ ነው። ሰማዩ ትንሽ ቢገረጣም ግድ የለም። ለትዝታ የሚፈለገው ፊቱ ነው። ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) ላይ አንሺ፣ ጥላውን በኋላ ማንሳት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን አቀማመጥሽ ነው። አውሮፕላን ከመሳፈራችሁ በፊት ፀሐይ በየት በኩል እንደምትሆን ተነጋገሩ። ፀሐይ ከጀርባሽ እንድትሆን፣ የእነሱ ፊት ወደ አንቺ እንዲሆን ተስማሙ። ከእነሱ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ሆነሽ ስታነሺ አድማሱም ይገባልሻል፣ ፊታቸውም ብርሃን ያገኛል። ከሥራችሁ ነጭ ደመና ካለ ደግሞ ብርሃኑ ተመልሶ አገጫቸውን ያበራዋል፤ ያን ቀን አይኤስኦውን ወደ 250 ብታወርጂው ይበቃል።

ባለ ሄልሜት፦
በሙሉ ማንዋሉ አልስማማም። የበሩ ውስጥ ጨለማ ነው፤ ውጪው ደግሞ ዓይን ያጠፋል። በሩ ላይ ተንጠልጥላ የመውጫውን ፎቶ የምታነሳ ሰው በአንድ ሴቲንግ ሁለቱን አታገኝም። እኔ ሸተሩንና አፐርቸሩን ቆልፌ አይኤስኦውን አውቶ እተወዋለሁ፣ ጣሪያው 1600። ፎቶው ትንሽ እንዲደምቅ የብርሃን ማካካሻውን ደግሞ ወደ +0.7 አደርገዋለሁ። በመስኩ ውስጥ ፀሐይ ራሷ ስትገባ ይሳሳታል፣ እሱን አልክድም።

ስለ ሌንሱ፦ አብሮት የመጣው ቀላል ነው፤ ለአንገትሽ ጥሩ ነው። ፓራሹት ሲከፈት ሄልሜትሽ ላይ ያለው ክብደት ሁሉ አንገትሽን ይጎትተዋልና ይህን አትናቂው። ጉድለቱ ዙሙም ፎከሱም በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሆኑ ነው። ካሜራው ጠፍቶ ሲበራ ያስተካከልሽው ፎከስ ቦታው ላይ ላይገኝ ይችላል። ለመቀየር ካሰብሽ የፎከስ ቀለበቱ በእጅ ብቻ የሚዞር፣ 12 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነ ሌንስ ፈልጊ። ቀለበቱን በፕላስተር ታስሪዋለሽ፣ አለቀ። ከዚያ የበለጠ ሰፊ ሌንስ ግን ጠርዝ ላይ ያለን ሰው ይለጥጠዋል፤ ለቡድን ፎቶ አልወደውም።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የአሜሪካ ፓራሹት ማኅበር ካሜራ ለመያዝ ቢያንስ 200 ዝላይ እንዲኖር ይመክራል፣ ያለምክንያት አይደለም። የካሜራውን ማንጠልጠያ አውጪው። ገመድ የሚይዝ ሹል ነገር፣ ክፍተት፣ የወጣ ሽቦ ካለ በፕላስተር ሸፍኚ። ሄልሜቱ በአንድ እጅ የሚላቀቅ መሆኑን መሬት ላይ ደጋግመሽ ሞክሪ። አየር ላይ ደግሞ ከፎቶው በፊት ከፍታ መለኪያሽ ይቅደም።

ደመና፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማንጠልጠያው አስቀድሞ ወጥቷል፣ ሄልሜቱም በአንድ እጅ ይላቀቃል። የፎከሱ ነገር ግን አሁን ገባኝ፤ ወደ ላይ ስንወጣ ባትሪ እንዲቆጥብልኝ ካሜራውን አጥፍቼ በር ላይ ነበር የማበራው። ታዲያ ከመሳፈሬ ጀምሮ ክፍት ልተወው? ባትሪውስ ብርዱን ይችላል?

ንስር፦
አዎ፣ ክፍት ተዪው። ራሱን የሚያጠፋበትን ሰዓት ከሜኑው ውስጥ ወደ ረጅሙ ቀይሪ። 4,000 ሜትር ላይ ከመሬት በ26 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀዘቅዝ ባትሪው ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዝላይ የሞላ ባትሪ አስገቢ፣ ትርፉን ከልብስሽ ሥር ያዥው። መሬት ስትደርሺ ሌንሱ ላይ እንፋሎት ካየሽ በጓንት አትጥረጊው፤ መስታወቱ ሲሞቅ ራሱ ይለቃል። ለሚቀጥለው ዝላይ ከመሳፈርሽ በፊት ደግሞ አንድ ፎቶ አንስተሽ አጉልተሽ እዪው፤ ፎከሱ ፈቀቅ ብሎ ከሆነ ሜትሩን መልሰሽ ዘርጊ።