የቡና ገለፈቱ አልበሰብስ አለኝ፤ ምን ይሻላል?

ሰላም ናችሁ? ጅማ ነው የምኖረው። ጓሮዬ ውስጥ የፋብሪካ ማዳበሪያም መድኃኒትም ሳልገዛ ጎመን፣ ቆስጣና ካሮት ማብቀል እፈልጋለሁ። ግን ተቸገርኩ።

እዚህ የቡና ገለፈት ሞልቷል፤ እኔም በነፃ ነው የማገኘው። ከወጥ ቤት ትርፍራፊ ጋር ከምሬው ብስባሽ ልሥራ ብል ክምሩ አይሞቅም። ዝናቡ ደግሞ የጅማ ዝናብ ነው፣ መቼ ያባራና! ክምሩ ውሃ ይጠጣና ይሸታል። ላስቲክ እንዳላለብሰው አየር ያጣል ብዬ ፈራሁ። ገለፈት ብቻውን ቶሎ አይበሰብስም፣ የከብት እበት ቀላቅይበት ብለውኛል። እሺ፣ ግን ስንት ለስንት? እሱን የሚነግረኝ አጣሁ።

ሌላው አፈሩ ነው። እንደ አብዛኛው የአካባቢያችን አፈር ቀይና አሲዳማ ነው። ጎመኑ እንደምንም ይወጣል፤ ቆስጣው ግን ቢጫ ሆኖ ቀጨጨ። ጎረቤቴ እትዬ “ዩሪያ በትኚበትና ተገላገዪ” ይሉኛል። ዩሪያ እኮ ሲደጋገም አሲዳማነቱን ያባብሰዋል! አሲዳማነቱን ለመቀነስ ኖራ ከመግዛቴ በፊት የምድጃ አመድ ልሞክር አስቤያለሁ። አመድም ሲበዛ ይጎዳል አሉ። ለአንድ ካሬ ሜትር ስንት እፍኝ ይበቃል? ከብስባሹ ጋር ላዋህደው ወይስ ለብቻው ልበትነው?

ጅማም ሆነ አጋሮ ጓሮው ላይ የሞከረ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። የካሮቱን ዘር ገዝቼ አስቀምጫለሁ።