ካሽ በሌለበት የሆስቲንግን ፍጥነት በምን መለካትና ማወዳደር ይገባል?

ጠያቂ፣ ከፍኖተ ሰላም

ጤና ይስጥልኝ። በምዕራብ ጎጃም ለሚገኙ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚያገለግል ሥርዓት በላራቬል (በፒኤችፒ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ) እየሠራሁ ነው። የየማኅበሩ ጸሐፊ በራሱ የይለፍ ቃል ገብቶ የማኅበሩን ሒሳብ ያያል፣ የዕለቱን የጤፍና የበቆሎ ዋጋ ይመለከታል፣ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ፍላጎት ይመዘግባል። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚወጣው ገጽ የተለየ ስለሆነና ቁጥሮቹም ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጡ፣ ገጹን አንድ ጊዜ አዘጋጅቶ ለሁሉም ማደል፣ ማለትም ካሽ ማድረግ፣ አይቻልም፤ ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከዳታቤዙ አንብቦ ገጹን እንደ አዲስ ማዘጋጀት አለበት።

አሁን ከሦስት ሆስቲንግ (ድረ ገጹን በሰርቨሩ ላይ የሚያኖር አገልግሎት) አንዱን መምረጥ አለብኝ። አንደኛው አዲስ አበባ ያለ ሼርድ ሆስቲንግ፣ ማለትም ብዙ ድረ ገጾች አንድ ማሽን የሚጋሩበት፣ ነው፤ ሁለተኛው ፍራንክፈርት ያለ ቪፒኤስ፣ ማለትም ከአንድ ማሽን ተከፍሎ ለብቻ የሚሰጥ ምናባዊ ሰርቨር፣ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ አሜሪካ ያለ ሼርድ ሆስቲንግ ነው። በኢንተርኔት ያገኘኋቸው ማወዳደሪያዎች በሙሉ ማለት ይቻላል የለኩት በካሽ የሚወጣ የፊት ገጽ በመሆኑ ለእኔ ሥራ የሚጠቅሙ ሆነው አላገኘኋቸውም። ፒንግ ሳደርግ (አጭር መልእክት ሄዶ የሚመለስበትን ጊዜ ስለካ) የአዲስ አበባው ከሁሉም ይቀድማል፤ ገብቼ የሒሳብ ገጹን ስከፍት ግን የፍራንክፈርቱ ይቀድመዋል። ይህ ለምን እንደሚሆንና ሦስቱን በእኩል ሚዛን ለመመዘን ምን ምን መለካት እንዳለብኝ የሚያስረዳኝ ሰው ካለ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፣ ከባሕር ዳር

የጠየቁት ብዙ ሰው ሆስቲንግ ሲገዛ የሚዘለው ጉዳይ ነው። እህል ወደ ወፍጮ ቤት የወሰደ ሰው ጊዜው በሦስት ነገር ያልቃል፤ በመንገዱ፣ በወረፋውና በመፈጨቱ። ፒንግ የሚነግርዎት የመንገዱን ብቻ ነው። የሒሳብ ገጹ ሲከፈት ግን ሦስቱም ተደምረው ስለሚታዩ፣ ቅርብ ያለው ሰርቨር ዝግ ያለ ሲፒዩ ወይም ብዙ ወረፋ ካለበት በሩቁ መቀደሙ የሚያስገርም አይደለም።

መጀመሪያ መንገዱን ለብቻው ያውጡት። ከርል የተባለው የትእዛዝ መስመር መሣሪያ የአንድን ጥያቄ ጊዜ ከፋፍሎ ይሰጣል፦ ስሙ ወደ አድራሻ የተፈታበትን፣ የቲሲፒ ግንኙነት የተመሠረተበትን፣ የቲኤልኤስ (ግንኙነቱን የሚያመሰጥረው) ስምምነት ያለቀበትንና የመልሱ የመጀመሪያ ባይት የደረሰበትን። ከመጨረሻው ቁጥር ላይ ቲኤልኤስ ያለቀበትን ጊዜና አንድ ደርሶ መልስ (መልእክት ሄዶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ) ቢቀንሱ፣ የሚቀረው በግምት ሰርቨሩ ውስጥ የጠፋው ጊዜ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊ ሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት ቀጥታው ርቀት ከ5,000 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ፣ የትኛውም ድርጅት ቢሆን ደርሶ መልሱን ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊያደርገው አይችልም። አገራችን የባሕር በር ስለሌላትም መስመሩ በጎረቤት አገሮች በኩል ዞሮ ከባሕር ውስጥ ኬብል ጋር ስለሚገናኝ በተግባር ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ይህ ጊዜ በሆስቲንጉ ጥራት የሚሻሻል ስላልሆነ ከንጽጽሩ ተለይቶ መያዝ አለበት።

ሁለተኛው ነገር የሰርቨሩን የሥራ ጊዜ ከውስጥ መለካት ነው። ፒኤችፒ ጥያቄውን መሥራት የጀመረበትን ሰዓት ራሱ ስለሚይዝ፣ በገጹ መጨረሻ ላይ ያለውን ሰዓት ከዚያ ጋር አነጻጽረው ልዩነቱን ሰርቨር ታይሚንግ በሚባለው የመልስ ሄደር (ከገጹ ጋር አብሮ የሚላክ መግለጫ) መላክ ይችላሉ፤ ብሮውዘሩም በኔትወርክ መመልከቻው ላይ ያሳይዎታል። ይህ መንገድ ኤስኤስኤች (ሰርቨሩን ከርቀት በትእዛዝ መስመር ማዘዣ) በማይፈቅድ ሼርድ ሆስቲንግ ላይም ይሠራል።

ካሽ ይጥፋ ሲባል የትኛው እንደሚጠፋ መለየትም ያስፈልጋል። መጥፋት ያለበት የተዘጋጀ ገጽ የሚያስቀምጠው ነው፤ እንደ ቫርኒሽ፣ እንደ ላይትስፒድ ካሽ ወይም ከፊት እንደሚቀመጠው ክላውድፍሌር ያለው። በመልሱ ሄደር ውስጥ ሂት የሚል ካዩ የለኩት ካሹን ነው ማለት ነው። ኦፒካሽ ግን አይጥፋ። እሱ የሚያስቀምጠው ወደ ባይትኮድ የተለወጠውን የፒኤችፒ ኮድ እንጂ የተጠቃሚውን መረጃ አይደለም፤ ከፒኤችፒ 5.5 ጀምሮ አብሮ የሚመጣ ስለሆነም እሱን አጥፍቶ መለካት በሥራ ላይ የማይገኝ ሁኔታን መለካት ይሆናል። የፒኤችፒውንም ስሪት በሦስቱም ላይ አንድ ያድርጉት። አንዱ 7.4 ሌላው 8.3 ከሆነ የሚያወዳድሩት ስሪቶቹን እንጂ ሆስቲንጎቹን አይደለም።

መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ

ከባሕር ዳር የተሰጠው መልስ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ወረፋው በቂ ትኩረት ያላገኘ ስለመሰለኝ በእሱ ላይ ልጨምር። ፒኤችፒ የሚይዘው የመነሻ ሰዓት አንድ የፒኤችፒ ፕሮሰስ (በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ የሚሠራ የፕሮግራሙ ቅጂ) ጥያቄውን ተቀብሎ መሥራት የጀመረበት ነው፤ ጥያቄው ከዚያ በፊት ነፃ ፕሮሰስ ሲጠብቅ የቆየበት ጊዜ በዚያ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የውስጡ ልኬት ጥሩ ሆኖ ተጠቃሚው ግን ብዙ የሚጠብቅበት ሁኔታ ይፈጠራል።

የእርስዎ ማኅበራት በሰኔ ሰኞ ጠዋት፣ 3 ሰዓት ላይ ቢሮ ሲከፈት፣ የማዳበሪያ ፍላጎት ለመመዝገብ በአንድ ጊዜ እንደሚገቡ ያስቡ። ሆስቲንጉ 5 የፒኤችፒ ፕሮሰሶችን ብቻ የሚፈቅድ ቢሆንና አንዱ ገጽ ግማሽ ሰከንድ ቢፈጅ፣ በሰከንድ የሚወጣው 10 ገጽ ነው። 40 ጸሐፊዎች በአንድ ቅጽበት ቢጫኑ የመጨረሻዎቹ 4 ሰከንድ ይጠብቃሉ። በሼርድ ሆስቲንግ ላይ የተለመደው አንድ የሲፒዩ ኮር ብቻ ሲሆን ደግሞ አምስቱም ፕሮሰሶች እሱኑ ስለሚሻሙ፣ ግማሽ ሰከንድ የተባለው ራሱ ይረዝማል። ክላውድሊኑክስ የተባለውን የሰርቨር ሥርዓተ ክወና የሚጠቀሙ ሆስቲንጎች በአንድ ጊዜ የሚገቡትን ጥያቄዎች ቁጥር ይገድባሉ፤ ገደቡ ሲያልፍ ተጠቃሚው የስሕተት ቁጥር 508 ያያል። እንዲህ ያለውን ነገር አንድ ሰው ብቻውን ገጽ እየከፈተ በመለካት ፈጽሞ አያገኘውም። በአፓቺ ቤንች ወይም በኬ6 በሚባሉት የጭነት መሞከሪያ መሣሪያዎች መጀመሪያ 1፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 20 ተጠቃሚ እያሉ በገባ ተጠቃሚ ኩኪ (ተጠቃሚው መግባቱን ለሰርቨሩ በሚያሳየው ምልክት) ይሞክሩ፤ ጊዜው በድንገት የሚዘልበት ቁጥር የዚያ ሆስቲንግ ትክክለኛ አቅም ነው። ሼርድ ከሆነ ግን አስቀድመው ለድርጅቱ ያሳውቁ፣ ጭነቱንም ልከኛ ያድርጉት፤ በዚያው ማሽን ላይ የሌሎች ሰዎች ሥራ አለና።

አማካይን አይመኑ። ከመቶ ጥያቄ 95ቱ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደተመለሱ የሚያሳየውን ቁጥር ከመካከለኛው (ግማሾቹ ጥያቄዎች ከተመለሱበት ጊዜ) ጋር አጣምረው ይያዙት። ልኬቱንም በተለያየ ሰዓት ይድገሙት፤ በሼርድ ሆስቲንግ ጎረቤት ያለው ድረ ገጽ ሲበዛበት የእርስዎም ይዘገያል። ቪፒኤሱም ከዚህ ነፃ አይደለም። ቶፕ በሚባለው ትእዛዝ ውስጥ ኤስቲ በሚል ምልክት የሚታየው ቁጥር፣ የእርስዎ ማሽን መሥራት ፈልጎ ሳለ ሲፒዩው ለሌላ የተሰጠበትን ድርሻ ያሳያል፤ ይህ ቁጥር በሥራ ሰዓት ከፍ ብሎ የሚቆይ ከሆነ የተሸጠልዎትን ሲፒዩ በሙሉ እያገኙ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ግን የሚያሳስበኝ ዳታቤዙ ነው። ዳታቤዙ በሌላ ማሽን ላይ ከሆነና እያንዳንዱ ደርሶ መልስ 1 ሚሊ ሰከንድ ከፈጀ፣ 80 ጥያቄ የሚያቀርብ ገጽ 80 ሚሊ ሰከንድ በከንቱ ያጠፋል። ላራቬል ላይ የእያንዳንዱን አባል ዝርዝር በየተራ የሚጠይቅ ኮድ ካለ ደግሞ 80ው በቀላሉ 400 ይሆናል፤ ይህን ከልኬቱ በፊት ያስተካክሉ። ሙከራውን በባዶ ዳታቤዝ አያድርጉ። የኢኖዲቢ (የማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ መረጃ የሚያስቀምጥበት ሞተር) የማስታወሻ ቋት ሳይለወጥ ሲቀር 128 ሜጋ ባይት ስለሆነ፣ መረጃው ከዚያ ሲያንስ ሁሉም ሆስቲንግ ፈጣን መስሎ ይታያል፤ ሲበልጥ ግን ከዲስክ ማንበብ ይጀመርና ልዩነቱ ይገለጣል። የሦስት ዓመት ያህል መዝገብ የሚያክል የሙከራ መረጃ ፈጥረው ይሙሉበት፤ የአባላቱን እውነተኛ መረጃ ግን ለሙከራ አይጠቀሙ።

መጻፍንም ለይተው ይለኩ። አንድ ሆስቲንግ ምዝገባን በጣም ፈጥኖ ካስቀመጠ፣ የኢኖዲቢ መዝገብ በእያንዳንዱ ኮሚት (ምዝገባው በጸና ቁጥር) ዲስክ ላይ እንዲደርስ የሚያዘው ቅንብር 1 ይሁን 2 ያጣሩ። 2 ከሆነ ዲስክ ላይ የሚደርሰው በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ስለሆነ፣ መብራት ቢጠፋ ወይም ማሽኑ ቢወድቅ የመጨረሻው ሰከንድ ምዝገባ ሊጠፋ ይችላል። የገበሬን የማዳበሪያ ድርሻ ለሚመዘግብ ሥርዓት እንዲህ ያለውን ፍጥነት አልመክርም።

መልስ፣ ከዳንግላ

የሁለቱንም ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን ርቀቱ ከሚገባው በላይ የተናቀ ይመስለኛል። አዲስ የኤችቲቲፒኤስ ግንኙነት ሲከፈት ለቲሲፒ አንድ፣ ለቲኤልኤስ 1.3 አንድ፣ ለጥያቄው አንድ፣ በድምሩ ሦስት ደርሶ መልስ ያስፈልጋል፤ ቲኤልኤስ 1.2 ከሆነ አራት። ደርሶ መልሱ 250 ሚሊ ሰከንድ የሚፈጅ የአሜሪካ ሰርቨር ቢሆን፣ ምንም ሳይሠራ ሦስት ሩብ ሰከንድ አለፈ ማለት ነው። በእኛ አካባቢ የሞባይል ኔትወርክ ደግሞ ግንኙነቱ ይቋረጥና እንደ አዲስ ይከፈታል። ስለዚህ ልኬቱ ከሰርቨሩ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከቋሪትም ከሰከላም፣ ጸሐፊዎቹ በሚጠቀሙበት ስልክና ሲም ካርድ መደረግ አለበት።

ጠያቂ፣ ከፍኖተ ሰላም

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የውስጡን ልኬት በሦስቱም ላይ አስገብቻለሁ። የአዲስ አበባው መንገዱ አጭር ሆኖ ሳለ የሒሳብ ገጹን ለመሥራት ከፍራንክፈርቱ ብዙ ጊዜ የሚወስድ መሆኑን አይቻለሁ፤ ተጠቃሚ ሲጨመር ደግሞ ቶሎ ይዘልላል። የአሜሪካው በሁለቱም ስለተሸነፈ ትቼዋለሁ። የቀረኝ ጥያቄ የዳንግላው ወንድሜ ያነሱት ነው፤ የፍራንክፈርቱን ብመርጥ የመንገዱ ርዝመት ጸሐፊዎቹን ምን ያህል ይጎዳቸዋል?

መልስ፣ ከባሕር ዳር

የዳንግላው ወንድማችን ያሉት ለመጀመሪያው ገጽ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው። ከዚያ በኋላ ግን ግንኙነቱ ክፍት እስከቆየ ድረስ ለእያንዳንዱ ገጽ የሚከፈለው አንድ ደርሶ መልስ ብቻ ነው፤ የሰርቨሩ የሥራ ጊዜ ግን በየገጹ ይደገማል። ለምሳሌ ደርሶ መልሱ 150 ሚሊ ሰከንድና የሥራ ጊዜው 200 የሆነ ሩቅ ሰርቨር፣ ደርሶ መልሱ 20ና የሥራ ጊዜው 700 ከሆነ ቅርብ ሰርቨር ጋር ይወዳደር። በመጀመሪያው ገጽ 650 ለ760 ናቸው፣ የተቀራረቡ ናቸው ማለት ይቻላል፤ በሚቀጥሉት ገጾች ግን 350 ለ720 ይሆናል። ጸሐፊው ገብቶ አምስት ስድስት ገጽ የሚከፍት ከሆነ ሚዛኑ ወደ ሩቁ ያደላል፤ አንድ ዋጋ ብቻ አይቶ የሚወጣ ከሆነ ግን አያደላም። ስለዚህ የተጠቃሚው አንድ ሙሉ ቆይታ፣ ከመግቢያው እስከ ምዝገባው ማረጋገጫ ድረስ፣ ተደምሮ ይለካ።

የመንገዱን ጫና ለማቅለልም የሚደረግ አለ። ቲኤልኤስ 1.3 ሥራ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ግንኙነቱ ሥራ ሳይኖርበት ክፍት የሚቆይበትን ጊዜ ቪፒኤሱ ላይ ትንሽ ያርዝሙት፤ ከመግቢያው በኋላ ከአንድ ገጽ ወደ ሌላ የሚያዛውሩትን ሪዳይሬክቶችም ይቀንሱ፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ደርሶ መልስ ነውና። ከተቻለዎት ደግሞ የአዲስ አበባ ሆስቲንግ የሚሰጥ ድርጅት በቪፒኤስ ደረጃ ምን እንዳለው ይጠይቁ። እስካሁን ያወዳደሩት የአዲስ አበባን ሼርድ ከፍራንክፈርት ቪፒኤስ ጋር ስለሆነ፣ የታየው ልዩነት ምን ያህሉ የቦታ፣ ምን ያህሉ የአገልግሎቱ ዓይነት እንደሆነ ገና አልተለየም። እኩል የሲፒዩ ኮርና ራም ያለው የአዲስ አበባ ቪፒኤስ ከተገኘ፣ ያንኑ ሙከራ በዚያው መረጃ ደግመው ውጤቱን እዚህ ቢያሰፍሩልን ለሁላችንም ይጠቅማል።