ነገ መብራት ሊቆረጥብኝ ነው፣ ኪራይም አልከፈልኩም! የቱን ላስቀድም?

ጨንቆኛል፦ ወገን፣ ቶሎ መልሱልኝ። ነገ እንቆርጣለን የሚል ወረቀት በር ላይ ለጥፈው ሄደዋል። ኪራይም ቀኑ አልፏል። በስልክ አፕ የወሰድኩት ብድር ደግሞ አለ፣ በየሰዓቱ እየደወሉ ያስጨንቁኛል። እጄ ላይ ያለው ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። ብድሩን ከፍዬ ልገላገል?

ቆጣቢው፦ ወንድሜ፣ የችግሩ ሥር ገቢና ወጪን አለመመዝገብ ነው። ደሞዝ እንደገባ መጀመሪያ የሚቀመጠው ይቀመጣል፣ ከዚያ ነው ወጪ የሚባለው። ዛሬውኑ ደብተር ገዝተህ እያንዳንዷን ወጪ ጻፍ።

ሳቂታ፦ በጨለማ እንዴት ይጻፍ? 😂

ጨንቆኛል፦ ሴት ነኝ። ደሞዝ ከዘገየ ቆየ እኮ፣ ምኑን ልመዝግብ?

ማለዳ፦ ከመቆረጡ በፊት ደውዪላቸው። ከፋፍዬ ልክፈል በያቸው።

ቀጥተኛው፦ እኔ ከመነሻው አልስማማም። ብድሩን ያስቀደምሽው አበዳሪው ስለሚጮህ ነው። አከራይሽ ዝም ስላሉ ይታገሣሉ ማለት አይደለም። ብታጪው የሚጎዳሽን ነው ማስቀደም። ቤት፣ መብራት፣ ውኃ፣ ለሥራ የምትሄጂበት ትራንስፖርት። ብድሩ መያዣ ወይም ዋስ አለው?

ጨንቆኛል፦ የለውም። ግን ስልክሽ ውስጥ ላሉት ሁሉ እንደውላለን አሉኝ። እህቴ ጋ ደውለዋል!!

ፈጣን፦ ከሌላ አፕ ወስደሽ ይሄንን ዝጊ። እኔ እንደዛ ነው የማደርገው።

ሒሳብ ነው፦ @ፈጣን ወንድሜ ተው። ወለዱ በወር 10 ከመቶ ቢሆንና ወለድ በወለድ ላይ ቢታሰብ፣ 100 የነበረው በስምንተኛው ወር 214 ይሆናል። በዚያ ላይ ቅጣቱና የአገልግሎት ክፍያው አለ።

ፈጣን፦ እኔ እስካሁን ምንም አልሆንኩም።

ሳቂታ፦ «እስካሁን» የምትለዋን ያዝልን 😂

የቢሮ ሰው፦ እህቴ፣ ሥራዬ ክፍያ መሰብሰብ ስለሆነ ከውስጥ ልንገርሽ። ስትደውዪ «አልችልም» ብቻ ብለሽ አትዝጊ። «ዛሬ ይህን ያህል እከፍላለሁ፣ ቀሪውን በዚህ ቀን» በይ። ከአቅምሽ በላይ ቃል አትግቢ። አንዴ ካፈረስሽው ሁለተኛ የሚሰማሽ የለም። ያናገረሽን ሰው ስምና ቀኑን ያዢ፣ የተስማማችሁበትንም በጽሑፍ ጠይቂ። ከተቆረጠ በኋላ ዕዳው አይቀርም፣ ብዙ ጊዜ የማስቀጠያ ክፍያም ይጨመርበታል። ሌላው ሰው የሚረሳው ነገር፦ ደረሰኙ ላይ ያለው ንባብ ከቆጣሪው ቁጥር ጋር ይመሳሰላል? አንዳንዴ በግምት ይሞላል። የደረሰኙ ከበለጠ ቆጣሪውን ፎቶ አንስተሽ ላኪላቸው።

ቆጣቢው፦ ይሄም ቢሆን የምዝገባ ጉዳይ ነው።

ትዕግሥት ያጣሁ፦ ሳይቆርጡ ደውዪ፣ ከፋፍለሽ ክፈዪ።

ሳቂታ፦ ማለዳ ተናግራለች እኮ።

ትዕግሥት ያጣሁ፦ ብደግመው ምን አለበት? ደውላ ይሆን?

ሒሳብ ነው፦ ስለ አፑ፦ ስልክሽ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ኮንታክት የማየት ፈቃዱን ዝጊ። የወሰዱትን አይመልስም፣ አዲስ እንዳይወስዱ ግን ይከለክላል። ቤተሰብና የሥራ አለቃሽን ቀድመሽ ራስሽ ንገሪያቸው፤ ያኔ ማስፈራሪያው አቅም ያጣል። ዛቻውን ሁሉ ስክሪንሾት አድርጊ። ውሉንም እዪው። ደሞዝሽ ከሚገባበት ሒሳብ በቀጥታ እንዲቆርጡ ፈቅደሽ ከሆነ፣ ደሞዙ እንደገባ ኪራዩን ሳትከፍዪ ሊወስዱት ይችላሉ።

ጨንቆኛል፦ ይሄን አላወቅኩም! ቆይ ልየው

ማለዳ፦ ደወልሽ?

ማለዳ፦ እህት፣ መብራቱስ?

ሌላ ተበዳሪ፦ እዚሁ ልጠይቅ። የኔ ብድር ዋስ አለው፣ አጎቴ ናቸው። በዚህ ወር መክፈል አልቻልኩም። ሳይሰሙ ብጨርሰው ይሻላል?

የቢሮ ሰው፦ አይሻልም። አንተ ካልከፈልክ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው፣ ደብዳቤ ከመድረሱ በፊት ንገራቸው። ከዚያ አበዳሪው ጋ አብራችሁ ሄዳችሁ የክፍያው ጊዜ እንዲራዘም ጠይቁ።