የመታጠቢያ ቤት ወለል ሴራሚክ እየተላቀቀ ነው፤ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በመታጠቢያ ቤታችን ከውሃ መውረጃው አጠገብ ያሉት ሴራሚኮች መላቀቅ ጀምረዋል። ሲረገጡ ይወዛወዛሉ፤ የአንዱ ጠርዝማ ተነሥቶ እግር ይቧጭራል። እናቴ ዕድሜያቸው የገፋ ስለሆነ እንዳይወድቁብኝ በጣም ሰግቻለሁ።

በመዶሻ እጀታ መታ መታ ሳደርጋቸው ባዶ ድምፅ ይሰጣሉ፤ በግድግዳው በኩል ያሉት ግን ድፍን ናቸው። በመካከላቸው ያለው መሙያ ተሰነጣጥቋል፤ ስረግጠው ከስንጥቁ ጠቆር ያለ ውሃ ይወጣል። አንዱን በቀስታ አንሥቼ ሳየው ጀርባው ንጹሕ ነው፤ ማጣበቂያው በሙሉ ወለሉ ላይ ቀርቷል፤ እርጥብም ነው።

አሮጌውን ማጣበቂያ እስከ ሊሾው ድረስ መፈልፈል የግድ ነው? በላዩ አዲስ ብጨምርበት ሴራሚኩ ከጎረቤቶቹ ከፍ ብሎ የውሃውን መንገድ የሚዘጋ ይመስለኛል። ሊሾው በደንብ መድረቁንስ በምን አውቃለሁ? ከሥር ውሃ የማያሳልፍ ቅብ ያስፈልገው ይሆን? ከሁሉም በላይ የቸገረኝ ባዶ ድምፅ እየሰጡ ገና ያልተንቀሳቀሱት ናቸው፤ ተመሳሳይ ሴራሚክ ማግኘት ስላልቻልኩ መስበር አልፈልግም። ልተዋቸው ወይስ አብሬ ላንሣቸው? ሳይሰበሩ የሚነሡበትን ዘዴ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።