ከአዲስ አበባ ስታዲየም ናዝሬት ደርሼ ልመለስ ወጥቼ ዱከም ላይ ቀረሁ፣ ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ባለ26
ሰላም ለሁላችሁ። ሳይክል ከጀመርኩ 5 ወሬ ነው። መጀመሪያ ለስራ ምልልስ ነበር፣ ከዛ ቀስ እያለ ያዘኝና ቅዳሜ ቅዳሜ አቃቂ፣ ከዛ ዱከም፣ ከዛ ቢሾፍቱ ደርሼ መመለስ ጀመርኩ (እሱ ደርሶ መልስ 90 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው) እና ልቤ አበጠ። በአንድ ቀን 200 ኪሎ ሜትር አልኩ። ከስታዲየም ናዝሬት በአሮጌው መንገድ 99 ነው፣ ሄጄ ስመለስ የቀረችውን ሁለት ኪሎ ሜትር ሰፈር ውስጥ ዞሬ እሞላታለሁ ብዬ። ለቢሮ ልጆችም አወራሁ፣ ካልተሳካ የሳምንት ቡና በኔ ብዬ ተወራረድኩ።

ያለፈው አርብ ፈቃድ ወስጄ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። እስከ ሞጆ እየበረርኩ ነው የሄድኩት፣ ከሞጆ በኋላ ነፋሱ ፊት ለፊት መጣብኝ ግን ታግዬ 5 ሰዓት ከ40 ናዝሬት ገባሁ። በደንብ በላሁ፣ አረፍኩ፣ 7 ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሳሁ። ከሞጆ ትንሽ አለፍ ስል ግን ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ እግሬ የኔ አልመስል አለኝ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማዞር፣ ደሞ ንዴት! መንገድ የሚያቋርጡ ፍየሎች ላይ ቆሜ ስጮህ ራሴን አገኘሁት። ቢሾፍቱ ላይ ሁለት ኮካ ጠጥቼ ትንሽ ነፍስ ዘራሁ፣ ዱከም ስደርስ ግን አለቀ። 11 ሰዓት ከ10 ሆኗል፣ ስልኬ 161 ኪሎ ሜትር ይላል፣ 37 ይቀረኛል። ሚኒባስ ላይ ጫንኳት፣ ለሳይክሏም የአንድ ሰው ሂሳብ አስከፈሉኝ።

ሳይክሏ ያገለገለች ማውንቴን ናት፣ 26 ኢንች፣ ባለ ጥርስ ወፍራም ጎማ። ጥያቄዬ፣ ችግሩ ሳይክሏ ናት ወይስ እኔ? ኮርሳ (ባለ ቀጭን ጎማዋን የአስፋልት ሳይክል) ልግዛ? ለመሞከር ስንት ጊዜ ልጠብቅ? ጉልበቴም ከፊት በኩል ያመኛል፣ የግራ እጄ ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች እስከ እሁድ ደንዝዘው ነበር። ቢሮ አሁን ስሜ ዱከም ሆኗል።

ኮርሳ ብቻ
ወንድሜ በዛ ጎማ አስፋልት ላይ 161 መንዳት ማለት ትራክተር ይዞ ሩጫ መግባት ነው። ጥርሱ አስፋልቱን እየያዘ ጉልበትህን ይበላዋል፣ የፊት ሞላው ደግሞ ዳገት ላይ በረገጥክ ቁጥር እየተጫነ ሌላውን ይበላል። ሽጣትና ኮርሳ ግዛ። ሌላ ነገር የለውም።

ካቴና
ቆይ ኮርሳ፣ ሰውየውን ብር አታስወጣው ገና። ባለ26፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ናዝሬት በደንብ በላሁ አልክ፣ ከዛ በፊትስ? ከቤት ስትወጣ ምን በላህ? መንገድ ላይስ? ቀኑ ደግሞ አርብ ነው ያልከው...

ባለ26
ያው አርብ ስለሆነ እስከ 6 ሰዓት እጾማለሁ። ውሃ ግን ጠጥቻለሁ፣ እሱንም እየፈራሁ፣ አንድ ሊትር ቢሆን ነው። ናዝሬት ደርሼም ሰዓቱ እስኪሞላ ጠበቅኩ፣ ከዛ በየአይነቱ ከነሽሮው ሁለት እንጀራ በላሁ። ግን ጠዋት ምንም አልራበኝም እኮ! እንደውም ቅልል ብሎኝ ነበር።

ካቴና
በቃ ተገኘ። ኧረ አንተ ሰው! ሐሙስ ማታ በልተህ አርብ 6 ሰዓት ድረስ ባዶ ሆድህን 99 ኪሎ ሜትር ነድተህ ነው ሳይክሏን የምትከሳት?

በአጭሩ እንዲህ ነው። ጡንቻና ጉበት ውስጥ የሚቀመጥ ስኳር አለ፣ ጠንከር አድርገህ ከነዳህ ከሁለት ሰዓት ብዙም አይዘልም። አንተ ደግሞ ጠዋት ቁልቁለት ስለሆነ አልተሰማህም። ስታዲየም ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፣ ናዝሬት 1700 አካባቢ፣ ከ600 ሜትር በላይ ወርደሃል ማለት ነው፣ የበረርከው መንገዱ እየወሰደህ ነው። ስትመለስ ያችኑ 600 ሜትር እያንዳንዷን ትከፍላታለህ፣ ያውም ታንከሩ ባዶ ሆኖ። በ6 ሰዓት የበላኸው እንጀራ ደግሞ ወዲያው እግር ውስጥ አይገባም፣ ሆድህ ውስጥ ተቀምጦ ደም ይሻማሃል። ፍየል ላይ መጮህ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማዞር፣ ይሄ ሁሉ የስኳር ማለቅ ምልክት ነው። በኮካው ነፍስ የዘራኸውም ለዛ ነው፣ ግን ዘግይቶ የመጣ ነገር ስለሆነ ዱከም ድረስ ብቻ አደረሰህ።

በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል፣ አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም አካባቢ ነው፣ ከዛ አስላው። እኔ አንዱን ኮዳ በሶ በስኳር በጥብጬ፣ ሌላውን ውሃ፣ ኪሴ ውስጥ ቴምር። ከተነሳህ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጀምር፣ ሳይርብህ። ላብ ለሚበዛበት ደግሞ ኦአርኤስ፣ ፋርማሲ ከሌለ በአንድ ሊትር ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልሙጥ እንጂ የተቆለለ አይሁን።

ስለ ጾሙ ምንም አልልም፣ ግን ቅዳሜ እኮ እህል ውሃ አይጾምም፣ ከቀዳም ስዑር በቀር። ቅዳሜ ሂድ፣ በሶና ሙዝ እንደሆነ የጾም ነው።

የድሮ ሰው
ልጄ፣ ካቴና የነገረህን ያዝ። እኔ ወጣት ሆኜ ደብረ ዘይት በሳይክል እመላለስ ነበር፣ ማርሽ የላት ምን የላት፣ ኪሴ ውስጥ ዳቦ ቆሎና አንድ ጡብ የሚያክል ህብስት። በዚያን ጊዜ ግራም የሚቆጥር አልነበረም፣ ነገር ግን ትልልቆቹ «ሳይርብህ ብላ፣ ሳይጠማህ ጠጣ» ይሉን ነበር። ሌላው ደግሞ አመሻሽ ላይ ዱከም መቆምህ ጥሩ አደረግህ። ከዱከም እስከ ቃሊቲ ያለው መንገድ ከመሸ በኋላ ለሳይክል አይሆንም፣ ከሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመጣ ተሳቢ ይበዛበታል። መብራትስ ነበረህ?

ባለ26
ጋሼ የፊት ብቻ ነበረኝ፣ የኋላው ባትሪው አልቋል። እውነቱን ለመናገር እሱም አስፈርቶኛል።

ሲልቨር ስፕሪንግ
እኔ ደግሞ ከወዲህ ማዶ፣ ከአሜሪካ፣ ላስቃችሁ። ባለ26፣ 161 ኪሎ ሜትር ስንት ማይል እንደሆነ ታውቃለህ? 100! እዚህ አገር 100 ማይል ሲሞላ ሴንቸሪ ይሉታል፣ ሰው አንድ ዓመት ይለማመድለታል፣ ቲሸርት ያሰፋለታል፣ ኬክ ይቆርስለታል። አንተ በ5 ወር፣ በ26 ኢንች፣ ያውም በጾም ነድተኸው ቤትህ ገብተህ ታለቅሳለህ።

እኔ የመጀመሪያዬ ጊዜ ዋሽንግተን ዲሲ ካለው ጆርጅታውን ተነስቼ በካናሉ (በድሮው የጀልባ ቦይ) ዳር ዳር ሃርፐርስ ፌሪ ደርሼ ልመለስ ነበር፣ አንዱ መንገድ 60 ማይል ነው። ሜዳ ነው፣ ምንም ዳገት የለም፣ ግን ኮረት ስለሆነ ልክ እንዳንተ ስቸኩል ሃርፐርስ ፌሪ ላይ አለቅኩ። ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ በመኪና መጣች፣ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችኝም፣ እስካሁንም ሃርፐርስ ፌሪ የሚል ታፔላ ስናይ ትስቃለች።

አንድ ልብ የምትለው ነገር፣ ብሬቬ የሚባል የረጅም ርቀት አነዳድ አለ፣ እዛ ለ200 ኪሎ ሜትር የሚሰጠው ጊዜ 13 ሰዓት ተኩል ነው፣ ምግቡም እረፍቱም ተቆጥሮ። ሲካፈል በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። አንተ እስከ ናዝሬት 24 ነው የነዳኸው። ማን እያባረረህ ነው?

ኮርሳ ብቻ
ሴንቸሪ ምናምን እያላችሁ አትሸንግሉት፣ ሰውየው 200 ብሎ ወጥቶ 161 ላይ ነው የወረደው። ቡናውን ይክፈል። (ሳይክሏን በተመለከተ ግን ትንሽ ልመለስ፣ ኮርሳ መግዛት ካልቻልክ ጎማውን ብቻ ቀይር፣ ለ26 ቸርኬ የሚሆን ለስላሳ የአስፋልት ጎማ አለ፣ 1.5 ኢንች ምናምን። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን የነፋስ መጠን እይና ወደ ላይኛው ጠጋ አድርገህ አስነፋ። ጎሚስታ ጋ ስታስነፋ ልጁ በግምት እንዳያስቀርብህ ቆመህ ጌጁን እይ። የፊት ሞላው መቆለፊያ ካለው ዝጋው።)

ካቴና
አየህ እኔም የጎማውን ነገር አልካድኩም፣ ቅደም ተከተሉን ነው ያልኩት።

ሚሚ ዘአዳማ
ሁላችሁም ወንዶች ናችሁ መሰለኝ፣ ማንም ቀላሉን ነገር አላየም። ባለ26 ለምን ከአዲስ ትጀምራለህ? ከኛ ጋ ጀምር! አርብ ከስራ በኋላ ሳይክልህን ጭነህ ና፣ እደር፣ ቅዳሜ ጠዋት ወገግ ሲል ወደ አዲስ ንዳ። ዳገቱን እግርህ ትኩስ ሆኖ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ትጨርሰዋለህ፣ ከሰዓት በኋላ ሲደክምህ መንገዱ ራሱ ቁልቁል ይዞህ ይመጣል። አንተ እኮ ያደረግከው ተቃራኒውን ነው፣ ቀላሉን በትኩስ እግር፣ ከባዱን በሞተ እግር።

የነፋሱን ነገር ግን አልዋሽህም፣ በበጋ ከሰዓት በኋላ ከሞጆ ወደዚህ ስትመጣ ፊትህን ይገርፍሃል። ባይነፍስማ የነፋስ ማመንጫውን እዚህ ተራራችን ላይ አይተክሉትም ነበር። ቁልቁለት ስለሆነ ግን ጎንበስ ብለህ ትችለዋለህ።

ባለ26
ሚሚ!! እህቴ ይሄን ከ5 ወር በፊት የት ነበርሽ። ግን ስታዲየም ድረስ ልገባ ነው? ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቃሊቲና ሳሪስ ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ።

ካቴና
አትግባ። ቃሊቲ ላይ ዙር። ምናልባት በፈጣን መንገዱ ልምጣ ብለህ ደግሞ እንዳታስብ፣ ሳይክል አያስገቡም።

ሚሚ ዘአዳማ
አዎ ቃሊቲ ላይ ዙርና ተመለስ፣ የጎደለችህን ደግሞ እዚህ ስትደርስ ወደ ወንጂ ሞላት። እስከ ወንጂ 10 ኪሎ ሜትር ምናምን ነው፣ ሸንኮራ አገዳ ለአገዳ እየሄድክ። ስኳር ያለቀበት ሰው ወንጂ ሄዶ ቢጨርስ ያምራል ሃሃሃ። ሲደክምህ ደግሞ ከቤት 10 ኪሎ ሜትር ላይ ነህ፣ ባጃጅ አለ፣ ዱከም ላይ ሚኒባስ አትለምንም።

የድሮ ሰው
ይህቺ ልጅ ጄኔራል ናት።

ሲልቨር ስፕሪንግ
እኔም ፈረምኩ። ጉልበትህን ግን ሰው ረሳው፣ ከፊት ነው የሚያመኝ ያልከው አይደል? አብዛኛውን ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ስላለ ነው። ግድግዳ ይዘህ ተቀመጥና ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርግ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርህ ቀጥ ማለት አለበት። ከታጠፈ ኮርቻውን ከፍ አድርግ፣ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ አታንሳው፣ ግማሽ ሴንቲ፣ ከዛ ሁለት ሶስት ቀን ነድተህ እይ። ማርሹንም አቅልል፣ ከባድ ማርሽ እየረገጡ ዳገት መውጣት ጉልበት ነው የሚገለው። የጣቶችህ መደንዘዝ መዳፍህ ዳር የሚያልፈው ነርቭ መሪው ላይ ስለሚጫን ነው፣ እጅህን በየ10 ደቂቃው ቦታ ቀይርለት፣ ክርንህን አታድርቀው፣ ወፍራም ጓንት አድርግ። እንደገና ከተነዳ በኋላ ለቀናት የሚቆይ ከሆነ ግን ሐኪም ይየው።

ባለ26
ኮርቻውን አሁን ለካሁት፣ ሲልቨር እንዳልከው ነው፣ ጉልበቴ ታጥፎ ነው የሚቀረው፣ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሏል። የሸጠልኝ ልጅ አጭር ነበር ለካ። ታዲያ መቼ ልሞክር? በዚህ ሳምንት ቅዳሜ ልሂድ?

ካቴና
ኧረ ተው! ጉልበትህ መጀመሪያ ይዳን። ሁለት ሳምንት ቀለል ያለ ንዳ። ከዛ አንድ ቅዳሜ ሞጆ ደርሰህ ተመለስ፣ 140 ምናምን ነው፣ እሱን ግን የምትነዳው ለእግርህ ብለህ ሳይሆን ለሆድህ ነው፣ በየግማሽ ሰዓቱ መብላት መለማመድ አለብህ፣ በሶው ተስማማህ አልተስማማህ የምታውቀው ያኔ ነው። ከዛ ሌላ ሁለት ሳምንት ቆይተህ የሚሚን መንገድ።

ኮርሳ ብቻ
እኔ ቅዳሜው ሲቆረጥ ከቃሊቲ እስከ ቢሾፍቱ ልሸኝህ እችላለሁ። ከኋላዬ ተጠግተህ ንዳ ነፋሱን እከልልሃለሁ። በዛ ጎማ ከመጣህ ግን አልጠብቅህም።

ባለ26
ጎማውን ዛሬ እጠይቃለሁ። የኋላ መብራትም እገዛለሁ ጋሼ። ቡናውን ከፍያለሁ፣ ዛሬ የመጀመሪያው ቀን ነው፣ 7 ሰው። ሚሚ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ አርብ ማታ ስመጣ አልጋ የምይዝበት ቦታ ሳይክል ያስገባሉ?

ሚሚ ዘአዳማ
ሁሉም አያስገቡም፣ አንዳንዱ ጥበቃው ጋ አስቀምጥ ይልሃል፣ እሺ እንዳትል። ብር ከመክፈልህ በፊት ክፍል ውስጥ ይዣት እገባለሁ ብለህ ጠይቅ፣ ምድር ቤት ክፍል ካለ እሱን ውሰድ። ደሞ ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ እወጣለሁ ብለህ ማታውኑ ለዘበኛው ንገረው፣ አለበለዚያ በሩ ተቆልፎ ቆመህ ነው የሚነጋብህ።