ከኢአርሲፒ በኋላ የቀኝ ትከሻ ሕመም፣ ምን ይሆን?

ጠያቂ (አዳማ)፦ ሰላም ናችሁ? እናቴ ዐይኗ ቢጫ ሆኖ ስትመረመር ጠጠር የሐሞት ቱቦዋን ዘግቶ ተገኘ። አዲስ አበባ ወስደናት ትናንት በኢአርሲፒ (በአፍ በሚገባ ባለ ካሜራ ቱቦ) ወጣላት፤ የሐሞት ቱቦዋን ክፍት የሚያደርግ የፕላስቲክ ስቴንትም ገብቶላታል። ቤት ከገባን በኋላ፣ ዛሬ ጠዋት፣ ቀኝ ጎኗን ይወጋት ጀመር፤ አሁን ትከሻዋ ላይ ወጥቷል። ስትነሳ ያዞራታል። ትኩሳት የላትም። ጋዝ ነው?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ እኔንም ነፍቶኝ ነበር። በካሜራው የሚገባው አየር ነው። ጦስኝ አፍላላቸው።

መልስ (ነርስ ነኝ)፦ ጦስኙ ይቅር እባካችሁ! እስኪመረመሩ ምንም አይቅመሱ። የአየሩ ንፋት በሰዓታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል እንጂ በማግስቱ አይጀምርም። እኔን ያሳሰበኝ ማዞሩ ነው። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሯል? ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ?

ጠያቂ፦ ሰገራዋ ደህና ነው። ለልቧ አስፕሪን ትወስዳለች።

መልስ (የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት)፦ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳቸው፤ የመውጫ ወረቀታቸውን አትርሳ። ከኢአርሲፒ በኋላ ሆድ ሲያም መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቆሽት ብግነት ነው፤ ለዚያ ሊፔዝ የሚባለው የቆሽት ኢንዛይም በደም ይለካል። አንጀት ተበስቶም ሊሆን ይችላል። ሊፔዙ ደህና ነው ተብሎ ብቻ ግን ወደ ቤት አትመለሱ። አልፎ አልፎ በኢአርሲፒ ጊዜ ወደ ሐሞት ቱቦ የሚገባው የመሪ ሽቦ ጫፍ ጉበት ውስጥ ያለ ትንሽ የደም ሥር ይወጋና ደም ከጉበቱ ሽፋን ሥር ይጠራቀማል። እዚያው ስለሚታፈን በሰገራም በትውከትም አይታይም። ትከሻ ላይ የሚሰማውም ድያፍራምን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ) ስለሚነካ ነው፤ የሁለቱ ስሜት በአንድ የነርቭ መንገድ ይመጣል። በጣም ብርቅ ስለሆነ ሐኪሙ ላያስበው ይችላልና "ትናንት ኢአርሲፒ ተሠርቶላታል" ብለህ ጀምር። ሄሞግሎቢን (ደም መጉደሉን የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና በቀለም የሚነሳ ሲቲ ስካን ጠይቅ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሲቲው ላይ ያልከው ደም ታየ። ተኝታለች፤ አስፕሪኑን ሐኪሞቹ ለጊዜው አቁመውታል፣ አንቲባዮቲክም ጀምረውላታል። ቀዶ ሕክምና አሁን አያስፈልግም ብለዋል። ዝም ብለን መጠበቅ ነው?

መልስ (ሬዚደንቱ)፦ የደም ግፊታቸው ከመጠን በታች ካልወረደ ብዙ ጊዜ በክትትል ብቻ ይመጠጣል። መድማቱ ከቀጠለ የሚደማውን ሥር ከውስጥ በቀጭን ቱቦ መድፈን ይቻላል። አንቲባዮቲኩ የተጠራቀመው ደም መግል እንዳይሆን ነው።

መልስ፦ ስቴንቱንም አደራ! የአባቴ ሳይወጣ ቆይቶ ተዘጋና በብርድ ብርድና በትኩሳት ተመለስን። የፕላስቲኩ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ወር ውስጥ ይወጣል ወይም ይቀየራል፤ ቀጠሮውን ከአሁኑ አስይዙ። የሐሞት ከረጢታቸው ካልወጣም መቼ እንደሚወጣ ጠይቁ፤ ጠጠሩን የሚያመርተው እሱ ነው።